የአጎቴ ታንከር 10 ሺህ ሊትር አይዝም፤ ምን ልበለው?

ጥያቄ

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ። የ22 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባቴ ሲሞት 9 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ግንበኛ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። እኔም ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኮንስትራክሽን ተማርኩና አሁን አብሬው እሠራለሁ።

ከአምስት ወር በፊት ለገሃሬ ውስጥ ለአንዲት እናት የመሬት ውስጥ የውሃ ታንከር ሠራን። ውላችን 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ነበር። ጉድጓዱ ርዝመቱ 2.50፣ ወርዱ 2.00፣ ጥልቀቱ 2.00 ሜትር ሆኖ ተቆፈረ። አጎቴ «ሁለት ከግማሽ በሁለት በሁለት፣ 10 ሜትር ኩብ፣ አለቀ» አለ። እኛም ጉድጓዱ ውስጥ ግድግዳውን በዙሪያው 20 ሳንቲ አርማታ አደረግነው። ወለሉ 15 ሳንቲ ነው፤ ክዳኑም 15 ሳንቲ ሶሌታ ሆኖ ከመሬቱ እኩል ተሞላ። ያኔ ምንም ልብ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት እማማ ደወሉልኝ። በግቢው በቀን 25 ጀሪካን ነው የሚቀዳው፤ ጀሪካኑ ባለ 20 ሊትር ነው። አንዴ የሞላ ታንከር 20 ቀን ሊያቆያቸው ሲገባ በ10፣ በ11 ቀን ያልቃል። እሳቸው የጠረጠሩት አንዷን ተከራይ ነው። አራስ ናት። «ሌሊት እየተነሳች የልጁን ጨርቅ በኔ ውሃ ታጥባለች» ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነግረዋታል።

ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ወረቀት ላይ አሰላሁት። የግድግዳውን 20 ሳንቲ ቀንሼ 2.30 በ1.80፣ የወለሉን ቀንሼ ደግሞ በ1.85 ሳባዛው 7,659 ሊትር መጣልኝ። ይሄ 15 ቀን ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ልጅቷም ጥቂት ሳታባክን አትቀርም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን አልሆነልኝም።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። የአሸዋ ክምር በዓይኑ አይቶ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ይነግርሃል። አንዴ ከደቻቱ የመጣ አሸዋ ተራግፎ «ሁለት ከሲሶ ነው» አለ። ደብቄ ለካሁት፤ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር። 2.35 ወጣ! እንደዚህ ያለ ሰው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ገንደ ቆሬ ክብ ታንከር ሊጀምር ነው። ጉድጓዱ 2 ሜትር ዲያሜትር፣ 3.20 ጥልቀት። እሱንም «10 ሺህ ሊትር» ብሎ ተዋውሏል። ዝም ልበል? ልንገረው? «ተማርኩ ብለህ ነው?» ቢለኝስ?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሳቢያን

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ። ያሳደገህን ሰው ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ እመለስበታለሁ። ግን ከአራሷ ልጀምር። ጊዜ የሌላት እሷ ናት።

ስሌትህ መንገዱን ይዞ ነበር፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ከ2.50 ላይ 20 ሳንቲ ቀንሰህ 2.30 አልክ። ግድግዳው ግን በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፤ በወዲህም በወዲያም አለ። ስለዚህ የሚቀነሰው 40 ሳንቲ ነው። ርዝመቱ 2.10፣ ወርዱ 1.60 ይሆናል። ከቁመቱም የቀነስከው ወለሉን ብቻ ነው። የሶሌታው 15 ሳንቲም ከዚያው ከ2 ሜትሩ ላይ ነው የተወሰደው። የሚቀረው 1.70 ነው። እንግዲህ 2.10 በ1.60 ሲባዛ 3.36፤ እሱ በ1.70 ሲባዛ 5.712 ሜትር ኩብ። አንድ ሜትር ኩብ 1 ሺህ ሊትር ስለሆነ 5,712 ሊትር ማለት ነው።

እሱም እስከ ሶሌታው ግጥም ብሎ ቢሞላ ነው። የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ከሶሌታው ስንት ሳንቲ ዝቅ ብሎ ነው የገባው? 10 ሳንቲ ከሆነ 336 ሊትር ይቀነሳል፤ 5,376 ይቀራል። ይህን በቀን ለ500 ሊትር አካፍለው። ወደ 11 ቀን ይጠጋል። እማማ የቆጠሩትም ይሄንኑ ነው። ፓምፑ ከሥር መጥቶ የማይደርስበት ውሃ ካለ ደግሞ 10 ቀን ይሆናል።

አየህ፣ የጠፋ ውሃ የለም። አራሷ የሰረቀችው አንድ ጣሳ እንኳ አይታየኝም። ያንተ 7,659 ትክክል ቢሆን ኖሮ የአራት የአምስት ቀን ውሃ የገባበት አይታወቅም ነበር፤ ያ ጉድለት እሷ ላይ አረፈ። ይህን የምነግርህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። አጎትህ ፊት ስትቀመጥ አንተም የሳትከው ነገር በእጅህ እንዲኖር ብዬ ነው። በጣም ይጠቅምሃል።

አሁን ወደ አጎትህ። እሱ ያለው 10 ሜትር ኩብ ውሸት አይደለም። ለአፈሩ ልክ ነው። ቆፋሪዎቹ 10 ሜትር ኩብ አፈር አውጥተዋል፤ ሒሳባቸውም በዚያ ይታሰባል። ስህተቱ የመጣው ያው ቁጥር ለውሃውም ሲነገር ነው። በመሃል 4.3 ሜትር ኩብ ገደማ አርማታ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ከጉድጓዱ ሲሶውን አልፎ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ቦታ የያዘው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ነው። አጎትህ ያን ሁሉ ዕቃ አስገብቶበታል። ቆጥቦ ወደ ኪሱ የከተተ ሰው ሥራ አይመስልም። እስቲ አንተው ራስህን ጠይቅ፤ አውቆ ነው ብለህ የምትጠረጥርበት ነገር አለ? ደብዳቤህ ውስጥ እኔ አላየሁም። እንደዚያ ከሆነ የምታነጋግረው ስለ ሌብነት አይደለም፤ ስለ ሜትር ነው። ይሄ ልዩነት ድምፅህን ራሱ ይቀይረዋል።

ታዲያ አሸዋን በዓይኑ የሚለካ ሰው እዚህ ላይ እንዴት ሳተ? እኔ የሚመስለኝን ልንገርህ። ክምር ከውጭ ነው የሚለካው። ያየኸው ሁሉ አሸዋ ነው። «ሁለት ከሲሶ» ሲልህ እኮ በጣም ልክ ነበር። 3.14 በ1.50 በ1.50 ብታባዛው 7.065 ነው። ይሄ አሸዋው እንደ በርሚል ከታች እስከ ላይ እኩል ቢቆም የሚይዘው ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ስለሆነ። ክምር ግን ወደ ላይ እየሾለ ስለሚሄድ ሲሶው ብቻ ነው፤ 2.355። አጎትህ ፎርሙላውን ሳይማር ሲሶዋን በትከሻው ተሸክሞ አወቃት። ታንከር ግን ከውስጥ ነው የሚለካው፤ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ደግሞ ውስጡ አይታይም። ዓይኑ የለመደውን ውጩን አየ።

(ሲሶዋን ለማመን የሚቸገር ካለ ከዚራ ጥላ ሥር በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ለውዝ ይያዝ። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ጣሳ ያግኝ። ወረቀቱን በጣሳው አፍና በጣሳው ቁመት ልክ አሹሎ ይጠቅልለው። ለውዙን እየሞላ ይገልብጥ። ጣሳው ጢም የሚለው በሦስተኛው ነው። ከልጆቼ ጋር ደጋግመን ሞክረነዋል፤ ከዚያ በኋላ ለውዙ አይተርፍም እንጂ ትምህርቱ ይቀራል።)

ደግሞም አጎትህ ከውስጥ መለካትን አያውቅም ማለት አይደለም። አሸዋና ጠጠር የምትሰፍሩበት የጣውላ ሳጥን አለ አይደል? 50 በ40 በ20 ሳንቲ የሚባለው፣ 40 ሊትር የሚይዘው። ያ ልክ የሳጥኑ ውስጥ ነው። አናጺው ከውጭ 50 በ40 አድርጎ ቢያመጣለት አጎትህ «ሂድ አስተካክል» ብሎ ይመልሰው ነበር። ስለዚህ አዲስ ትምህርት አትሰጠውም። የሚያውቀውን ነው የምታስታውሰው። እኔ ብሆን ወሬውን ከሳጥኑ ነበር የምጀምረው።

አንድ የራሴን ነገር ላካፍልህ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ አባቴ ለግቢያችን በርሚል ገዝቶ እንግዶች ፊት «ሁለቱ ግማሽ ሜትር ኩብ ይይዛሉ» አለ። እኔ ከትምህርት ቤት የመጣ እውቀቴ ትኩስ ነበር። ሜትሩን አንስቼ ለካሁና «አይይዙም፤ 400 ሊትር ናቸው» አልኩ። ልክ ነበርኩ። አባቴ ምንም አልመለሰም። ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ጓሮ ወጣ። እንግዶቹ እስኪሄዱ አልተመለሰም። የለካሁት ቁጥር ትክክል መሆኑ ዛሬም ድረስ አላጽናናኝም። እኛ ድሬዎች ታላቁንም «አንተ» ብለን ነው የምንጠራው፤ አፋችን አይተሳሰርም። ነገር ግን ሰው ፊት መታረም «አንተ» ተብለህም «አንቱ» ተብለህም ያው ያማል።

ስለዚህ ቦታና ሰዓት ምረጥ። ሠራተኛ ባለበት አይሁን። ከሰዓት፣ በርጫ ላይ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበትም አይሁን። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ፈጢራና ሻይ ጋብዘው፤ ሁለታችሁ ብቻ። ከዚያ አታዙር። እንዲህ ብትለውስ? «አቦ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የእማማ ታንከር ላይ ግድግዳውን አልቀነስንም። እኔም ማታ ሳሰላው በአንድ ወገን ብቻ ቀንሼ ተሳሳትኩ። አራሷን በዚህ የተነሳ ሊያስወጧት ነው። አንተ ሳታየው ለማንም አልናገርም ብዬ ነው።» ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ስህተቱ የሁለታችሁ ነው፤ አራሷ አለች፤ መጀመሪያ የሰማውም እሱ ነው። «ተማርኩ ብለህ ነው?» ካለህ፣ «ተምሬም ስቻለሁ እኮ» በለው። እውነትህን ነው።

ወረቀት ላያሳምነው ይችላል። እሱ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው። ስለዚህ ይህን ሞክሩ። የቧንቧው ውሃ በማይመጣበት ጠዋት ሂዱ። ቀጥ ያለ ፌሮ ያዙ፣ ጠመኔ ቀቡት፣ በታንከሩ አፍ ወለሉን እስኪነካ አውርዱት። ስታወጡት እርጥቡ የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ተከራዮቹ የዕለቱን ውሃ ይቅዱ፤ ልክ 20 ጀሪካን ቁጠሩ። 400 ሊትር ነው። ፌሮውን በዚያው ቦታ እንደገና አውርዱት። አጎትህ እንዳለው የታንከሩ ወለል 2.50 በ2.00 ከሆነ ውሃው የሚወርደው 8 ሳንቲ ነው። አንተ እንዳሰላኸው 2.30 በ1.80 ከሆነ 10 ሳንቲ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 2.10 በ1.60 ከሆነ 12 ሳንቲ ይወርዳል። በ8 እና በ12 ሳንቲ መካከል ለክርክር ቦታ የለም። የሚባክን ውሃም የለም፤ ያው የሚቀዳ ውሃ ነው። ጀሪካኑን እስከ አፉ አታስሞሉ እንጂ፣ ያኔ ከ20 ሊትር ያልፋል።

አንድ ነገር አደራ። ለመለካት ብለህ የተዘጋ ታንከር ውስጥ ብቻህን አትግባ። ውስጡ አየር ሊያጥር ይችላል፤ ሰው ሳያስበው ራሱን ይስታል። ፌሮው ከላይ ሆነህ ያሳይሃል።

አጎትህ ካመነ በኋላ ለእማማ ማን ይንገራቸው? እኔ አጎትህ ራሱ ቢናገር እመርጣለሁ፤ አንተ ከጎኑ ቁም። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የፌሮውን ሙከራ እሳቸውም አራሷም ባሉበት ድገሙት። ያቺ ልጅ በሹክሹክታ ነው የተከሰሰችው፤ ነፃ ስትወጣ ግን ግቢው ሁሉ ይስማ። ሕፃን አቅፋ ቤት ፍለጋ በዚህ ሙቀት ስትዞር አስባት። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

ስለ ጉድለቱ እማማ የሚፈልጉትን መጠየቅ ነው። የጎደለው 4,600 ሊትር ገደማ ነው። አጠገቡ 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቀምጦ በቧንቧ ማገናኘት አንድ መንገድ ነው። የእጅ ዋጋውን ቀንሶ መመለስም አለ። ታንከሩን ማስፋት ግን አርማታ መስበር ስለሆነ አልመክርም፤ ሊያፈስስ ይችላል። ወጪውን አንድ ላይ መሸፈን ባትችሉ በሥራ ወይም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለመክፈል ተነጋገሩ። አንተም ከደሞዝህ ድርሻህን ለማንሳት ዝግጁ ነህ? ሥራው ላይ ነበርክና ይህን ለአጎትህ ቀድመህ ብትነግረው ሸክሙ ይቀለዋል።

የገንደ ቆሬው ሥራ ደግሞ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ገና አልተቆፈረማ። ክብ ሲሆን የወለሉን ስፋት የምታገኘው ሬዲየሱን በራሱ አባዝተህ በ3.14 ስታባዛው ነው። ጉድጓዱ ሬዲየሱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3.20 ስለሆነ 10 ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል። ይሄም አፈሩ ነው። ግድግዳው 15 ሳንቲ ከሆነ የውስጡ ሬዲየስ 85 ሳንቲ ይሆናል። ወለልና ሶሌታው 15፣ 15 ከወሰዱ ቁመቱ 2.90 ይቀራል። ውሃው 6.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 10 ሺህ ሊትር ውሃ እንዲይዝ ከተፈለገ ውስጡ ነው 2 ሜትር ዲያሜትርና 3.20 ቁመት መሆን ያለበት። ስለዚህ ቁፋሮው 2.30 ዲያሜትር፣ 3.50 ጥልቀት ይሁን። አፈሩ 14.5 ሜትር ኩብ ይደርሳል። የቆፋሪው ሒሳብም የአርማታውም ዕቃ ይጨምራል፤ ዋጋውን ከባለቤቱ ጋር እንደገና መነጋገር አለባችሁ። ደስ አይልም፣ ግን ዛሬ ማንሳቱ ከአምስት ወር በኋላ ከማንሳት በብዙ ይቀላል። በሬዲየሱ ላይ ተጠንቀቅ፤ በራሱ ስለሚባዛ ጥቂት ሳንቲ ስትስት ብዙ ውሃ ነው የምትስተው።

አጎትህ እምቢ ቢልስ? ቢቆጣ፣ ፈጢራውን ትቶ ቢነሳ? ጊዜ ስጠው። ሁለት ሦስት ቀን። የኮራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምነው ብቻውን ሲሆን ነው፤ ምናልባት ማታ ራሱ ሜትር ይዞ ሳጥኑን ሲለካ ታገኘው ይሆናል። ነገር ግን ወሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አሁንም ዝም ካለ፣ እማማ ዘንድ አንተው ሂድ። «ውሃውን የበላው ግድግዳው ነው፣ ልጅቷ አይደለችም» በላቸው። ከመሄድህ በፊት ግን «ዛሬ ልነግራቸው ነው፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ብለህ ለአጎትህ ንገረው። ከጀርባው አይሁን። ያኮርፍህ ይሆናል። ያሳደገህ ሰው ሲያኮርፍ ቤቱ እንዴት እንደሚጨልም አውቃለሁ። ቢሆንም የናንተን ሰላም አራሷ እንድትከፍልላችሁ ማድረግ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ አንተም እንቅልፍ ያጣኸው ለዚህ ይመስለኛል።

ለፈጢራው የትኛውን ጠዋት እንደመረጥክ፣ ፌሮውም ስንት ሳንቲ እንዳሳየ ጻፍልኝ። ደብዳቤህን እጠብቃለሁ።